ቆዳዎን ሲያሹ እጅዎን ያቅልሉ

በድሬዳዋና በሚኤሶ መካከል፣ በጥንቱ የባቡር ሐዲድ ላይ አፍደም የምትባል ከተማ አለች። በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ፀሐይዋ ብርቱ ነው፤ ነፋሷ አቧራ ያዘለ ነው፤ ውኃም እንደ ልብ አይገኝባትም። እንዲህ ባለ አገር ለሚኖር ሰው ቆዳን መጠበቅ ቅንጦት ሳይሆን የየዕለት ሥራ ነው። ፊት በላብና በአቧራ ይታፈናል፤ ክንድና ቅልጥም ደርቆ አመድ የነካው ይመስላል፤ ተረከዝ ይሰነጠቃል።

ከአፍደም እስከ ጅግጅጋ ባሉት ከተሞች ሴቶች ለዚህ የሚጠቀሙበት የቆየ መላ አላቸው። ገበያ ወጥተው ከዕጣኑና ከሂናው አጠገብ ዞር ዞር ቢሉ፣ በትንንሽ ላስቲክ የታሰረ አረንጓዴ ዱቄት ያያሉ። ሶማሌዎች ቃሲል ይሉታል። ጎብ ብለው ከሚጠሩት ዛፍ ቅጠል ደርቆና ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ነው። ዛፉ በአማርኛ ቁርቁራ የምንለው እሾሃማ ዛፍ ወገን ነው፤ ቆላ ያደገ ሰው ፍሬውን ሳይለቅም አላደገም። ዱቄቱ በውኃ ሲለወስ ቀለል ያለ አረፋ ያወጣል። ፊት ይቀባል፣ ገላ ይታሻል፣ ፀጉርም ይታጠብበታል። ለሙሽራ ደግሞ ከሠርጉ በፊት ባሉት ቀናት ከእርድ ጋር አብሮ ይቀርባል፤ የእርዱን ቅባት ሁሩድ ይሉታል።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚህ ዱቄትና ስለ መሰሎቹ ነው። በአዲስ አበባ የውበት ሳሎኖች ስክራብ የሚባለውን ሥራ ቃሲል፣ አጃ፣ ሽምብራ፣ እርጎና ስኳር በቤት ውስጥ በጥቂት ብር ይሠሩታል። ነገር ግን «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አታሏል። ሎሚም ተፈጥሯዊ ነው፤ ፊት ያቃጥላል። እንዶድም ተፈጥሯዊ ነው፤ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ያስተዋሉት ያው ልብስ የምናጥብበት ፍሬ ነው። አንድ ነገር ለቆዳ ለስላሳ መሆኑን የሚወስነው ከየት መምጣቱ ሳይሆን የቅንጣቱ ድቀት፣ የኮምጣጣነቱ መጠን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያሸው እጅ ክብደት ነው።

ለመሆኑ የምናነሳው ምኑን ነው? የቆዳችን የላይኛው ገጽ የሞቱ ሕዋሳት ተደራርበው የሠሩት ስስ ሽፋን ነው። ከሥር አዳዲስ ሕዋሳት እየተወለዱ ወደ ላይ ይገፋሉ፤ በወጣት ሰው ይህ ጉዞ በአማካይ አራት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ዕድሜ ሲገፋ ይዘገያል። ከላይ የደረሱት በራሳቸው ጊዜ ይረግፋሉ። ስለዚህ ቆዳ ያለ እኛ እርዳታም ራሱን ያድሳል። ስንፈትገው የምናደርገው ሊረግፍ የተቃረበውን ትንሽ ማፋጠን ብቻ ነው። ይህ ሲሆን ፊት ወለል ይላል፣ የተደፈነ ቀዳዳ ይከፈታል፣ የሚቀባውም ዘይት በደንብ ይይዛል።

ታዲያ ያ የሞተ ሽፋን ቆሻሻ አይደለም። ውኃችንን ከውስጥ የሚይዝልን፣ ጀርምንና አቧራን ከውጭ የሚከለክልልን ግድግዳ እሱ ነው። በተለይ እንደ አፍደም ባለ ደረቅ አየር ውስጥ ግድግዳው ከሳሳ ቆዳው ውኃውን ያጣል፤ ይበልጥ ይደርቃል፤ ይበልጥ ቅርፊት ያወጣል። ባለቤቱ ደግሞ ቅርፊቱን አይቶ «ገና አልጠራም» ብሎ ደግሞ ይፈትገዋል። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ ይህ ነው። ክንድዎ ላይ በጥፍርዎ ሲጭሩት ነጭ መስመር የሚያወጣው ድርቀት የሚፈልገው ዘይት ነው፤ ፍትጊያ አይደለም። ቅባት ለሁለትና ለሦስት ቀን ቀብተውት ከጠፋ፣ መጀመሪያውኑ መፈተግ አላስፈለገዎትም ነበር ማለት ነው።

ለእኛ ለጥቁሮች ሌላም ምክንያት አለ። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ በተቆጣ ቁጥር ቀለም የማምረት ባሕርይ አለው። የነጭ ሰው ቆዳ ሲፈተግ ቀልቶ በቀናት ውስጥ የሚመለስ ሲሆን፣ የእኛ ግን ከቁጣው በኋላ ጥቁር ምልክት ትቶ ለወራት ሊቆይ ይችላል። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚም ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ጠንካራ ፍትጊያን እንዲጠነቀቁ የሚመክረው ለዚሁ ነው። ጥቁር ነጥብ ሊያጠፋ ብሎ የፈተገ ሰው ሌላ ጥቁር ነጥብ ያተርፋል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። ከዓመታት በፊት ለወንድሜ ሠርግ ወደ ድሬዳዋ ልሄድ ስል፣ ሰው ነግሮኝ ስኳር በሎሚ ለውሼ ፊቴንና አንገቴን ፈተግሁ። በደንብም አልታጠብኩትም፤ ጭማቂው አንገቴ ላይ ወርዶ ደርቋል። በማግስቱ ፀሐይ ላይ ስንከራተት ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ጭማቂው የወረደበት መስመር እንደ ቃጠሎ ቀላ፤ ቆየት ብሎ ጠቆረ። የሠርጉ ፎቶዎች ላይ ሁሉ አንገቴን በነጠላ ሸፍኜ ነው የምታየው። ምልክቱ እስኪለቅ ወራት ፈጀ። ኋላ ሐኪም ሲያስረዳኝ፣ ሎሚ ውስጥ ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኝ ቆዳ የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለ። በዚህ ደግሞ በዓለም በጣም የታወቀችው ያቺ የእኛዋ ትንሿ፣ ቀጭን ልጣጭ ያላት አረንጓዴ ሎሚ ናት። ስለዚህ ሎሚን ለሰላጣና ለሻይ ይተዉት።

ወደ ቃሲል እንመለስ። በውስጡ ሳፖኒን የሚባል፣ በውኃ ሲመታ አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ስላለው ቅባትና ላብን ያነሳል። ዱቄቱ ደግሞ ጣት ሥር ሲንሸራተት የረገፈውን ቅርፊት ይጠርጋል። ሁለቱን ሥራ በአንድ ጊዜ መሥራቱ ነው ከብዙዎቹ የሚያስመርጠው። ጉዳቱ ያለው አፈጫጨቱ ላይ ነው። በጥድፊያ የተፈጨ ቃሲል የቅጠሉ አከርካሪና የቀንበጥ ስባሪ ይቀላቀልበታል፤ ይህ ደግሞ ፊት ላይ እንደ አሸዋ ይቧጭራል። ስለዚህ ሲገዙ ቆንጥረው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያሹት። እንደ ጤፍ ዱቄት ለስላሳ ከሆነ መልካም ነው። ከቆረቆረዎት ቤት ወስደው በስስ ሻሽ ይንፉት፤ ከላይ የቀረውን ለእግርዎ ያስቀምጡት። ያሸቱትም፤ ሽታው የደረቀ ቅጠል፣ የሣር ዓይነት መሆን አለበት። የሻጋታ ሽታ ካለው፣ ቀለሙም ከልክ በላይ ደማቅ ከሆነ አይግዙት። ከተቻለዎ ቅጠሉን ራሱን ገዝተው ጥላ ላይ አድርቀው ያስፈጩ።

አለዋወሱ ቀላል ነው። ለፊት አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ለብ ያለ ንጹሕ ውኃ ጠብ እያደረጉ እንደ ወፍራም እርጎ እስኪሆን ያዋህዱት። ቆዳዎ ደረቅ ከሆነ በውኃው ፋንታ እርጎ ወይም ጥቂት ማር ይጨምሩ። መጀመሪያ ፊትዎን በውኃ ያርጥቡ፤ በደረቅ ፊት ላይ ምንም ነገር አይሹ። ከዚያ ከዓይን ዙሪያ ራቅ አድርገው ይቀቡት። ሳፖኒን ዓይን ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል። ዐሥር ደቂቃ ያህል ይቆዩ፤ ደርቆ እስኪሰነጠቅ ድረስ ግን አይጠብቁ። ብዙ ሴቶች ፊታቸው እስኪጨመደድ ድረስ ይተዉታል፤ ያን ጊዜ ከቆዳው ላይ ውኃ እየመጠጠ ነው። ሊደርቅ ሲል እጅዎን አርጥበው በጣትዎ ጫፍ በትንንሹ እያዞሩ ለሠላሳ ሰከንድ ብቻ ያሹት። ሠላሳ ሰከንድ አጭር ይመስላል፤ ቀስ ብለው እስከ ሠላሳ ይቁጠሩ፣ ይበቃል። የሚጫኑት ክብደት የተኛ ሕፃን ጉንጭ ሲዳብሱ ከሚያሳርፉት አይብለጥ። በለብታ ውኃ ያስለቅቁት፤ በሙቅ ውኃ አይደለም። በፎጣ ሳይፈትጉ ይድመቁት፤ ገና እርጥብ እያለ የሰሊጥ ዘይት ወይም ቫዝሊን ስስ አድርገው ይቀቡ።

አንዳንዶች ቃሲሉን ወይም ሁሩዱን ተቀብተው ቀኑን ሙሉ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ከፀሐይ ይጠብቀናል ይላሉ። ጥላ ቢሰጥም ጥቂት ነው፤ የፀሐይ መከላከያ ክሬምን ወይም ሻሽን አይተካም። በተለይ ፊትዎን ባሹ ቀንና በማግስቱ ቆዳዎ ለፀሐይ የተጋለጠ ስለሆነ፣ ሥራውን ማታ ይሥሩት። በማግስቱ ሻሽ ወይም ባርኔጣ ያድርጉ፤ አቅም ካለዎም ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ክሬም ይቀቡ።

ስለ እርዱ አንድ ነገር ልበል። እርድ ራሱ ቆዳን አይፍቅም፤ ቢጫ ማድረጉ ግን የታወቀ ነው። አሳሳቢው በሚገዛው ዱቄት ውስጥ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። በባንግላዴሽ ቀለሙ እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት የተባለ መርዛማ ቀለም ሲቀላቀልበት ተገኝቶ መንግሥት ዘመቻ አካሂዶበታል። ሊድ በተለይ ለሕፃናት አእምሮ ጠንቅ ነው። የእርድ ሥሩን ገዝተው ቤት ቢያስፈጩት፣ ለወጥዎም ለፊትዎም ይበጃል።

ቃሲል በማይገኝበት አገር ያላችሁ አትጨነቁ። የአጃ ዱቄት ምናልባት ከሁሉም ይበልጥ ለስላሳው ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2003 በደንብ የደቀቀ አጃን ቆዳ ጠባቂ ብሎ ተቀብሎታል፤ የሚያሳክክና የተቆጣ ቆዳን ያበርዳል። ችፌ የሚያስቸግረው ሰው አንድ ነገር መሞከር ካማረው ይህን ይሞክር፤ ያውም ሳያሽ፣ ቀብቶ በመታጠብ ብቻ። የሽምብራ ዱቄትም ቅባታማ ፊት ላላቸው ጥሩ ነው፤ ሕንዶች ለሙሽሮቻቸው የሚቀቡት ባህላዊ ውህድ መሠረቱ እሱ ነው። አደራ፣ ንጹሑን የሽምብራ ዱቄት እንጂ የሽሮ ዱቄት አንስተው እንዳይቀቡ፤ በርበሬውና ነጭ ሽንኩርቱ የት ይሄዳል!

እርጎ ደግሞ በሌላ መንገድ ይሠራል። በውስጡ ያለው የላክቲክ አሲድ ሕዋሳቱን እርስ በርስ ያያያዘውን ሙጫ መሰል ነገር ያላላል፤ ስለዚህ ሳይፈትጉ ይረግፋሉ። ፋብሪካ የሚሠራቸው ክሬሞች ውስጥ ያለው አሲድም ይኸው ነው፤ መጠኑ ግን ከእርጎው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ከእርጎ ተአምር አይጠብቁ፤ ጉዳቱም ያንኑ ያህል ጥቂት ነው። በሶማሌ ክልል ዳናን የሚባለው የረጋ የግመል ወተትም ኮምጣጣ ስለሆነ በዚሁ መንገድ ሊያገለግል ይችላል፤ ዳሩ ግን በድርቅ ወራት ወተት ከፊት ይልቅ ለሆድ ነው። ስኳርና እርጥበት ከተገናኙ ስኳሩ ይሟሟል፤ እያሹ ሲሄዱ ጠርዙ እየደበነ ይለሰልሳል። ስለዚህ ለክንድ፣ ለእግርና ለከንፈር ይሆናል፤ ለፊት ግን የዱቄት ስኳር ካልሆነ አልመክርም። ጨው ያቃጥላል፣ ያደርቃል።

ቡና ግን! የተፈላ ቡና አተላ ለፊት ይጠቅማል የሚለው ወሬ አገር አዳርሷል። የቡና ቅንጣት አይሟሟም፤ ጠርዙም ስለታም ነው። እንደ አተላው መጠን በጭንና በጀርባ ላይ ቀስ ብሎ ቢታሽ ጉዳት የለውም፤ ፊት ላይ ግን ዓይን የማያየው ጭረት ያበዛል። የፍሬ ቅርፊትና የዋልነት ልጣጭ ፈጭተው የሚሸጡ የታሸጉ ስክራቦችም ከዚሁ አይሻሉም። ቤኪንግ ሶዳም የሚቀቡ አሉ። ጤናማ ቆዳ በጥቂቱ ኮምጣጣ ነው፤ ይህ ዱቄት ግን ተቃራኒው ስለሆነ የቆዳውን ሚዛን ያዛባል። ለዳቦው ይሁን።

የትኛውንም ቢመርጡ መጀመሪያ በክንድዎ የውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀብተው፣ ፊት ላይ የሚያቆዩትን ያህል ደቂቃ አቆይተው ይታጠቡት። ሁለትና ሦስት ቀን ይጠብቁ። ካሳከከዎት፣ ከቀላ ወይም ሽፍ ካለ ለፊትዎ አይሆንም። ይህን ትዕግሥት የሚያጡት በብዛት ሙሽሮች ናቸው፤ ነገ ሠርግ ነው ተብሎ ዛሬ ማታ አዲስ ነገር ይቀባል። ለሠርግ የሚዘጋጁ ከሆነ ከአራት ሳምንት በፊት ይጀምሩ፤ የመጨረሻውን ፍትጊያ ከሠርጉ ሦስት ቀን ቀደም ብለው ይጨርሱና ከዚያ በኋላ ቅባት ብቻ ይቀቡ።

በምን ያህል ጊዜ ይደረግ? ለፊት በሳምንት አንድ ጊዜ በቂ ነው። ቅባታማ ፊት ያለው ወጣት ሁለት ጊዜ ቢያደርገው ይችላል፤ ስስ፣ ደረቅ ወይም ዕድሜ የገፋ ቆዳ ያለው በሁለት ሳምንት አንዴ ቢሆን ይሻለዋል። ለገላ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ። ታጥበው ሲጨርሱ ፊትዎ ከለበለበዎት፣ ያለ ቅባት የመወጠር ስሜት ካለው ወይም ከወትሮው የተለየ ወዝ ካበጀ አብዝተውታል ማለት ነው። ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ሁሉንም አቁመው በለዘብተኛ ሳሙናና በቅባት ብቻ ይቆዩ። ሕፃናት ደግሞ ጭራሽ አይፈተጉም፤ የሕፃን ቆዳ የሚነሳለት ነገር የለውም።

ወንዶች ይህ ጽሑፍ ለሴቶች ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ጢማችሁን ስትላጩ አንገታችሁ ላይ የሚወጡት ቆጥቋጣ እብጠቶች ፀጉሩ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሲበቅል የሚመጡ ናቸው። ከመላጨት አንድ ቀን በፊት በለሰለሰ ነገር ማሸት ፀጉሩ መውጫ እንዲያገኝ ይረዳል። በተላጫችሁ ዕለት ግን አይሆንም።

የገላውን ነገር ቃጫ ያውቀዋል። ከጥንት ጀምሮ በቃጫ ስንፈተግ ኖረናል፤ ዛሬ ላስቲክ መረብና ሉፋ ተጨምሮበታል። ቃጫ በሳሙና ረጥቦ ለስለስ ካለ በኋላ ለጀርባ፣ ለክርንና ለጉልበት ጥሩ ነው። ችግሩ ከተጠቀምንበት በኋላ እርጥቡን ጥግ መጣላችን ነው፤ ጀርምና ሻጋታ ይራባበታል። አጥበው፣ ጨምቀው፣ ፀሐይ ላይ ይስቀሉት፤ አፍደም ላይ ፀሐይ ሞልቷል። በየጊዜው ይለውጡት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ቃጫ አይፈተግ፤ ጭርት ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲህ ሊሻገር ይችላል።

ለተረከዝ ከእሳተ ገሞራ የሚገኘው ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ይሆናል። እግርዎን ለዐሥር ደቂቃ ለብ ባለ ውኃ ነክረው፣ ድንጋዩንም አርጥበው ወደ አንድ አቅጣጫ ቀስ ብለው ይፈግፍጉ። በአንድ ቀን ሊጨርሱት አይሞክሩ፤ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ያንሱለት። ማታ ቫዝሊን ቀብተው ካልሲ አድርገው ይተኙ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ድንጋይም ምላጭም እግሩን አያስነካ። የስኳር ሕመም የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ሲቆረጥ ላይታወቀው ይችላል፤ ትንሽ ጭረት ቁስል ሆና እግር እስከማስቆረጥ ያደረሰችበት ሰው ብዙ ነው። እሱ ለእግሩ ቅባት ይቀባ፣ ጠንክሮ የተሰነጠቀውን ደግሞ ለጤና ባለሙያ ያሳይ።

ውኃ በጀሪካን ለሚገዛበት ቤትም ይህ ሁሉ ይሆናል። የሰውነትዎን ሁሉንም ክፍል በአንድ ቀን መፈተግ የለብዎትም። ዛሬ ፊት፣ ሌላ ቀን ክንድና እግር ቢያደርጉ፣ አንድ ጆግ ውኃና ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። ዱቄቱ ሳይለቅ ቆዳ ላይ ደርቆ ከቀረ ያሳክካልና፣ ውኃው ጥቂት ከሆነ የሚቀቡትንም ይቀንሱ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። በየገበያው ከቃሲሉ ጎን የሚሸጥ ሌላ ነገር አለ፤ ስሙ ያልታወቀ ወይም በማናነበው ቋንቋ የተጻፈበት የማንጫ ክሬም። አንዳንድ ሴቶች ፊታቸውን በቃሲል ወይም በስኳር ፈትገው ወዲያው እሱን ይቀቡታል፤ «የበለጠ እንዲሠራ» ነው ምክንያቱ። በእርግጥም የበለጠ ይገባል። የቆዳው ግድግዳ ሲሳሳ የተቀባው ነገር ወደ ውስጥ የመስረግ ኃይሉ ይጨምራል፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ከእነዚህ ክሬሞች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ፣ ሌሎቹ ጠንካራ ስቴሮይድ ወይም ሃይድሮኪኖን አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ኩላሊትን ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር ከተቀባችው ለፅንሱም ይተርፋል። በሚናማታ ስምምነት መሠረት አገሮች ሜርኩሪ ያላቸውን የውበት መጠበቂያዎች ከገበያ ለማስወጣት ተስማምተዋል፤ ገበያው ግን አሁንም አልጠራም። አንድ መለያ ልንገርዎ፤ ማሸጊያው ላይ «ከወርቅ፣ ከብርና ከጌጣጌጥ ጋር አይነካካ» የሚል ካዩበት ሜርኩሪ ሊኖረው ስለሚችል አይቀቡት። ስቴሮይድ ያለበትን ለረጅም ጊዜ የተቀባ ሰው ደግሞ ቆዳው ሳስቶ የደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይወርሰዋል፤ በድንገት ሲያቆመውም ፊቱ ሊቆጣ ስለሚችል ሐኪም ጋ ቀርቦ በምክር ያቁም። ለብጉር ትሬቲኖይን ወይም ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የታዘዘላችሁም መድኃኒቱ ራሱ ቆዳን ስለሚያራግፍ ተጨማሪ ፍትጊያ አያስፈልጋችሁም።

ማድያትም በፍትጊያ አይለቅም። ቀለሙ ያለው ከሞተው ሽፋን በታች ነው፤ ላዩን ቢፍቁት ሥሩ አይነካም፤ ቁጣው ግን ያጠቁረዋል። በእርግዝና ጊዜ የመጣ ከሆነ ከወሊድ በኋላ ሊለቅ ስለሚችል፣ እስከዚያው ከፀሐይ መከለል ነው ዋናው። ያበጠና መግል የያዘ ብጉር፣ በፀሐይ የተቃጠለ ቆዳና ክፍት ቁስልም አይታሽም።

አንዳንዱ ደግሞ ድርቀት የሚመስል ሕመም ነው። ቋቁቻ ፈንገስ ነው፤ መድኃኒት እንጂ ቃጫ አያነሳውም። ማታ ማታ የሚብስ፣ በጣት መካከል የሚጀምርና ቤተሰቡን የሚያዳርስ ማሳከክ እከክ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ መታከም አለበት። ከሁሉ በላይ ልብ እንዲሉት የምፈልገው ግን የማያሳክክና የማያም ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ነው። በጥጥ ጫፍ ነካ ሲያደርጉት ካልተሰማዎት እሱን በቃሲል ለማስለቀቅ አንድ ሳምንት እንኳ አያባክኑ። የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ ሕክምናውም በነፃ ይሰጣል፤ ዘግይቶ ሲደረስበት ግን ጣትና ዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ከዚያ ካለፈ በድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ በጅግጅጋ ካራማራና ሼክ ሐሰን ያባሬ ሆስፒታሎች አሉ። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታልም በዚህ በሽታና በቆዳ ሕክምና የረጅም ዘመን ልምድ ያለው ነው።

ለቀሪው ጤናማ ቆዳ ቃሲሉ ቤት ይግባ። ዱቄቱን ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ፣ ከፀሐይ አርቀው ያስቀምጡት። እርጥብ ማንኪያ አያስገቡበት፤ የተለወሰውንም ለነገ ብለው አያሳድሩት። ዘንድሮ ከዘመድ የተላከልዎ ቃሲል አምና ከተላከው የተለየ ሽታ ካለው፣ እንደ አዲስ ቆጥረው ክንድዎ ላይ ይሞክሩት።